እንዴት ይሠራል? ባዶ የተተወው ስሎት

ቤትዎ ውስጥ ወይም ሰፈርዎ ካለው ጽሕፈት ቤት አንድ የቆየ ዴስክቶፕ ካለ፣ ዛሬ ዞር ብለው ጀርባውን ይዩት። የስክሪኑ ገመድ ከሚሰካበት አካባቢ ቀጫጭን የብረት መክደኛዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ላይ ምንም አይሰካም። አቧራ ከመከላከል ያለፈ ሥራ ያላቸው አይመስሉም።

ከእያንዳንዱ መክደኛ ኋላ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ስሎት አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተተከለ፣ አናቱ በረጅሙ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ መሰኪያ። ኮምፒውተሩን የሠሩት ሰዎች ገንዘብ አውጥተውበት፣ ሽቦ ዘርግተውለት፣ ባዶውን ተዉት። ያዘጋጁት ለማያውቁት ሰውና ገና ላልተፈጠረ ዕቃ ነው። ከድሮ ኮምፒውተሮች ብልሃት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፦ ለማይታወቅ እንግዳ ቦታውን ብቻ ሳይሆን መግባቢያውንም አስቀድሞ ማዘጋጀት።

እስቲ እንክፈተው። መጀመሪያ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ይንቀሉ፤ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የጎኑን ሽፋን በካቻቢቴ ፈትተው ያንሱ። ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ፤ ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፖችን ሊያበላሽ ይችላል። ፋን ያለውን የፓወር ሰፕላይ ሳጥን ግን በፍጹም አይክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

አሁን ስሎቶቹን ይዩ። ነጫጮቹና አጠር ያሉት ፒሲአይ ይባላሉ። ከእነሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተተከለ ቡናማ ካለ ኤጂፒ ነው፤ ለስክሪን ካርድ ብቻ የተሠራ። ኮምፒውተሩ በ1990ዎቹ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም የሚበልጥ ረጅም ጥቁር ስሎት ልታገኙ ትችላላችሁ። እሱ አይሳ ነው፤ የዛሬው ወሬያችን ባለቤት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥቁሩን ስሎት ጠጋ ብለው ካዩት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙ የ1981 ነው፤ አጭሩ በ1984 የተቀጠለ። በረጅሙ ክፍል በእያንዳንዱ ወገን 31፣ በድምሩ 62 የብረት መንካኪያዎች አሉ። በአጭሩ 36 አሉ። የሚገባበት ካርድ ጠርዝ ላይም ልክ በዚያው ቁጥር ወርቅ የተለበጡ ጠባብ መስመሮች ያገኛሉ። ወርቅ የተመረጠው ስለማይዝግ ነው። መስመሮቹ ከጠቆሩ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርገው ይሹአቸው፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ “ሞተ” የተባለ ካርድ በዚህ ብቻ ሲነሣ ይታያል።

ቴስተር ካለዎት አንድ ሙከራ ይሥሩ። ገመዱ ከሶኬት እንደተነቀለ፣ ቴስተሩን ሽቦ ሲገናኝ “ቢፕ” በሚልበት ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ በአንድ ስሎት አሥረኛ መንካኪያ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ በጎረቤቱ ስሎት በዚያው ወገን አሥረኛ ላይ ያሳርፉ። ይጮኻል። ሌላ ቁጥር ይሞክሩ፤ እሱም ይጮኻል። አይሳ ስሎቶች ሁሉ የተሰቀሉት በእነዚያው ሽቦዎች ላይ ነው። ሁሉም የሚጋራው ይህ የሽቦ ረድፍ ባስ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ወደ አንዱ ካርድ ብቻ የሚሄድ የተለየ መንገድ የለውም፤ አንድ ነገር ሲናገር ሁሉም ይሰሙታል።

ታዲያ ሁሉም እኩል እየሰሙ፣ ሁሉም በአንድ ሽቦ እየመለሱ፣ እንዴት አይደበላለቅም? ይህን ለማየት የእራት ጠረጴዛና የቤት ሰው ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ጣትዎን ይዘርጉ። የተዘረጋ ጣት 1፣ የታጠፈ 0 ይሁን። በአንድ ጣት ሁለት ነገር መለየት ይቻላል፤ በሁለት ጣት አራት፤ በሦስት ስምንት። ጣት በጨመሩ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በአሥሩም ጣቶችዎ 1,024 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ። አጠገብዎ ያለው ሰው አሥር ጣቱን ቢያበድርዎት ሃያ ይሆኑና 1,048,576 ይደርሳሉ።

ይህ ቁጥር አንድ ሜጋባይት ነው። አይቢኤም ኦገስት 12 ቀን 1981 ይፋ ያደረገው ፒሲ ከአንድ ሜጋባይት በላይ መጥራት ያልቻለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አድራሻ የሚጠራባቸው ሽቦዎች 20 ነበሩ። በ1984 ኤቲ የተባለው ሞዴል ሲመጣ ያቺ አጭር ቅጥያ ተጨማሪ የአድራሻ ሽቦዎች ይዛ መጣች። 24 ሲሆኑ 16 ሜጋባይት ሆነ። አራት ጣት ብቻ ተጨምሮ አሥራ ስድስት እጥፍ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ከቤተሰቡ አንዱ ፕሮሰሰር ይሁን፤ እሱ ጠሪ ነው። ሌሎቹ ካርዶች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው በብጣሽ ወረቀት አንድ አንድ ቁጥር ይስጡ። በጠረጴዛው ርዝመት አንድ ገመድ ዘርጉ፤ ሁሉም እጁ ይድረስበት። ገመዱ ወደ ቀኝ ሲሳብ 1፣ ወደ ግራ ሲሳብ 0 ነው።

ጠሪው “ሰባት!” ይበል። ሁሉም ይሰማሉ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ወረቀት ያያሉ፣ አንዱ ብቻ “አቤት!” ብሎ ገመዱን ይስባል። ጠሪው ሰባት ቁጥር የት እንደተቀመጠ ማወቅ አላስፈለገውም። ቦታ ቢቀያየሩም ምንም አይለወጥም። አዲስ እንግዳ ወንበር ስቦ ቢቀላቀል፣ የማንም ያልሆነ ቁጥር እስከያዘ ድረስ ነባሮቹን አይረብሽም።

እውነተኛው ካርድም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አሮጌ ካርድ ካገኙ ስማቸው በ74 የሚጀምር ትናንሽ ጥቋቁር ቺፖችን ይፈልጉ። ከእነሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ በሽቦው ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ቁጥር ከካርዱ ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። በ1981ዱ ፒሲ አንድ የሜሞሪ ጥሪ ከነመልሱ አንድ ማይክሮሰከንድ እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ ካርድ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው በአብዛኛው የሌላውን ስም ነው፤ ግን ጆሮውን አይነቅልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ረቂቁ። ጨዋታውን ይድገሙት፤ አሁን ግን ያልተጠሩት ሰዎች ገመዱን ሳይስቡ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ተጠሪው ቢስብም አይንቀሳቀስለትም። ጠሪው ምንም ሊያነብ አይችልም። ችግሩ ምንድን ነው? ዝም ያሉት ሰዎች በእርግጥ ዝም አላሉም፤ ይዘዋል።

በኤሌክትሪክም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ዝም ያለ ካርድ 0 የሚያሳይ ይመስለዋል። ግን 0 ራሱ ንግግር ነው፤ ሽቦውን ወደ ታች ጎትቶ መያዝ ማለት ነው። አንዱ ካርድ 1 ሲል ሌላው 0 ቢል፣ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ሲጎትት፣ በመካከላቸው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ቺፖቹ ይግላሉ፣ መልእክቱም ይበላሻል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሦስተኛ ሁኔታ አበጁ፤ 1 ያልሆነ፣ 0ም ያልሆነ፣ ገመዱን ጨርሶ መልቀቅ። ካርዱ እንደተሰካ ነው፣ ኃይል አለው፣ ይሰማል፤ ከዳታ ሽቦዎቹ ጋር ግን እንደሌለ ይሆናል።

በአሮጌ ካርዶች ላይ 74 ኤልኤስ 245 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቺፕ ካገኙ፣ በር ጠባቂው እሱ ነው። ስምንቱን የዳታ ሽቦዎች የካርዱ ቁጥር ሲጠራ ይይዛቸዋል፤ ጥሪው ሲያበቃ ይለቃቸዋል። እንግዳ ካርዶች በአንድ ጠረጴዛ መኖር የቻሉት በዚህ ሥርዓት ነው። አንድ ጨዋነት የጎደለው ካርድ መላውን ኮምፒውተር ማቆም ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነገርም ይሞክሩ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቀርፋፋ ይሁንና መልሱን ለማሰብ ጊዜ ይፈልግ። ጠሪው ሳይጠብቀው ወደ ቀጣዩ ካለፈ መልሱ ይጠፋል። ስለዚህ ቀርፋፋው “ቆይ!” ብሎ መዳፉን እንዲያነሣ ይፈቀድለት። ባሱ ላይ ለዚሁ የተመደበ አንድ ሽቦ አለ። ዘገምተኛ ካርድ ሽቦውን ወደ ታች ሲይዘው ፕሮሰሰሩ ጥሪውን እንደያዘ ባለበት ይቆያል። ርካሽና ቀርፋፋ ዕቃ ሠርተው የሚያመጡ ሰዎች ገና ከመምጣታቸው በፊት ታስቦላቸዋል፤ ይህች ነገር በጣም ደስ ትለኛለች።

እጅ ማውጣትም አለ። ጠሪው ሁልጊዜ “ምን አለህ? ምን አለህ?” እያለ ሲዞር ይደክማል፤ ካርዱ ራሱ ነገር ሲኖረው እጁን ቢያወጣ ይሻላል። ይህ ኢንተራፕት ይባላል። በ1981ዱ ስሎት ለዚህ የተተዉት ሽቦዎች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ከ2 እስከ 7። 6ን የፍሎፒ ዲስኩ ይዞታል፣ 7ን ፕሪንተሩ፣ 4ን ኮም 1 የተባለው መሰኪያ። ለእንግዳ የቀረው ጥቂት ነው፤ በአይሳ ደግሞ ሁለት ካርዶች አንዱን ሽቦ በሰላም መጋራት አይችሉም ነበር። ትልቁ ራስ ምታት የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን በጠረጴዛው ላይ ማየት ቀላል ነው፤ ለሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር ይስጡና ይጥሩት። ሁለቱም “አቤት” ይላሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ይስባል። በድሮ ካርዶች ላይ ትናንሽ የፕላስቲክ ቆቦች፣ ጃምፐር የሚባሉት፣ የሚታዩት ለዚህ ነው። ቁጥሩን የሚመርጠው የገዛው ሰው ነበር፤ በእጁ፣ መመሪያ ወረቀት እያነበበ። በ1990ዎቹ ጌም የተጫወተ ሰው 220፣ 5፣ 1 የሚሉትን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። የሳውንድ ብላስተር ድምፅ ካርድ አድራሻ፣ የእጅ ማውጫ ሽቦና ዲኤምኤ የተባለው፣ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ከሜሞሪ ዳታ የሚቀበልበት መስመር ናቸው። አንዱ ከተሳሳተ ጌሙ ድምፅ የለውም።

ከአይቢኤም አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። በ1977 አፕል 2 ሲወጣ ስምንት ስሎት ነበረው። ስቲቭ ጆብስ ለፕሪንተርና ለሞደም ሁለት ይበቃል ባይ ነበር፤ ንድፉን የሠራው ስቲቭ ዎዝኒያክ ከስምንት አልወርድም አለ። ዎዝኒያክ ለየስሎቱ “አሁን አንተን ነው” የሚል የግል ሽቦ ጨመረለት። ቁጥሩ የካርዱ ሳይሆን የወንበሩ ሆነ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስሙ ሦስት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ስለማይቀመጥ ጠብ የለም፣ ጃምፐርም አያስፈልግም። ካርዱ የራሱን አሠራር የሚያስረዳ ትንሽ ፕሮግራም በራሱ ቺፕ ይዞ እንዲመጣም ቦታ ተቆርጦለታል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ፣ የዎዝኒያክን እመርጣለሁ።

እነዚያ ስሎቶች ማንን ተቀበሉ? በ1980 ማይክሮሶፍት ሶፍትካርድ የተባለ ካርድ ሸጠ። ካርዱ ላይ የነበረው ዜድ80 የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ነው። እንግዳው ገብቶ ባለቤቱን ዝም አሰኝቶ ራሱ ጠሪ ሆነ፤ አፕል 2ም ለእሱ ያልተጻፉ ፕሮግራሞችን ማሠራት ጀመረ። ሁለት ስሎት ብቻ ቢተው ኖሮ ለዚህ የሚሆን ቦታ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ለእኛ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የመጣው በአይቢኤም በኩል ነው። የ1981ዱ ፒሲ ማዘርቦርድ ስክሪን ላይ መጻፍ አይችልም ነበር፤ ለዚያ ካርድ መግዛት ግድ ነበር። አይቢኤም ያቀረበው አንዱ ካርድ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን የፊደሎቹ ቅርጽ በቺፕ ውስጥ አንዴ ተቀርጿል፣ 256 ብቻ፣ አይለወጥም። ሌላው ካርድ ነጥብ በነጥብ መሣል ይችላል፤ ግን ነጥቦቹ ሻካራ ናቸው።

ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ጥናቱን በታይ ፊደል በኮምፒውተር ማዘጋጀት ፈለገ። የታይ ፊደል በ256ቱ ውስጥ የለም። በሻካራው ካርድም ለዓይን አይመችም። ስለዚህ የራሱን ካርድ ሠራ። በ1982 ሄርኩለስ በሚል ስም ለገበያ የወጣው ይህ ካርድ፣ በዚያው ጥርት ባለ ስክሪን ላይ 720 በ348 ነጥቦችን አንድ በአንድ ማብራትና ማጥፋት ያስችላል። 250,560 ነጥቦች ናቸው። ነጥብ በእጅዎ ከሆነ የፈለጉትን ፊደል ይሥላሉ። ካርዱ እጅግ ተሸጠ፤ ከገዙት ሰዎች አብዛኞቹ የታይ ፊደል አይተው አያውቁም፤ የወደዱት ጥርት ያለውን ሥዕል ነው።

የእኛን ፊደል እናስላው። 33 መሠረታውያን በ7 ሲባዙ 231። ለእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ወደ 95 ይፈልጋል። በ256 ሁለቱ አብረው አይገቡም። በስክሪን ላይ የእኛን ፊደል ለማየት ወይ እንደ ሄርኩለስ ነጥብ በነጥብ የሚሥል ካርድ፣ ወይም በ1984 እንደመጣው ኢጂኤ ቅርጾቹን ከውጭ የሚቀበልና እስከ 512 ድረስ በአንዴ የሚያሳይ ካርድ ያስፈልጋል። ሁለቱም የተሰኩት በዚያው ስሎት ነው። አይቢኤም የስክሪኑን ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ ሠርቶ ዘግቶት ቢሆን፣ ታይም ሆነ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ኮምፒውተር እስኪሠራለት ይጠብቅ ነበር።

አይቢኤም የንድፉን ሥዕል በቴክኒክ መጽሐፍ አትሞ ስለሸጠ ማንም መሐንዲስ የ62ቱን መንካኪያ ሥራ ማንበብ ይችል ነበር። በ1987 ግን ማይክሮ ቻነል የተባለ አዲስ ባስ አመጣ። እውነቱን ለመናገር በሥራው የተሻለ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ጃምፐርም አያስፈልገውም። ነገር ግን አሮጌ ካርድ አይገባበትም፤ እሱን ለመሥራት የሚፈልግ ኩባንያም ለአይቢኤም መክፈል ነበረበት። በ1988 በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ኢአይሳ የተባለ ሌላ ስሎት ይዘው መጡ። ብልሃቱን ይዩ፦ መንካኪያዎቹ ሁለት ደርብ ናቸው፤ አሮጌ ካርድ ላይኛው ላይ ይቆማል፣ አዲሱ ወደ ታችኛው ጠልቆ ይገባል። ኢአይሳ ውድ ስለነበር ብዙ አልተስፋፋም። ተራው አይሳ ግን ሁለቱንም አልፎ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቆየ።

በ1992 ኢንቴል ያወጣው ፒሲአይ፣ አሁን ከፊትዎ ያለው ነጩ ስሎት፣ የዎዝኒያክን ሐሳብ መልሶ አመጣው። አብዛኛው ሽቦ የጋራ ነው፤ ለየስሎቱ ግን መለያ የሚሆን አንድ የግል ሽቦ አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በየስሎቱ እየዞረ “ማነህ? ምን ያህል ቦታ ትፈልጋለህ?” ብሎ ይጠይቅና ቁጥሩን ራሱ ያድላል። ስሎቱ ባዶ ከሆነስ? ማንም ስለማይመልስ በአምራቹ መለያ ቦታ የሚነበበው 16ቱም አሃዞቹ 1 የሆኑ ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ለማንም አምራች አይሰጥም። ባዶነትም የራሱ መልስ ተመድቦለታል ማለት ነው።

ዴስክቶፕ የሌለዎትም ቢሆን አንድ ሙከራ ይቀራል። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ። ከላይ ካሉት ምርጫዎች “ቪው” የሚለውን፣ ከዚያ “ሪሶርስስ ባይ ታይፕ” የሚለውን ይንኩ፤ ቀጥሎ የኢንተራፕቶቹን ዝርዝር ይዘርጉ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ጎን በቅንፍ አይ፣ ኤስ፣ ኤ የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይታያሉ፤ አይሳ ማለት ነው። ላፕቶፕዎ ውስጥ አንድም አይሳ ስሎት የለም። 0 ቁጥር ላይ ሰዓት ቆጣሪው አለ፤ በብዙ ላፕቶፖች 1 ቁጥር ላይ ኪቦርዱ አለ። ለሰዓት ቆጣሪና ለኪቦርድ በ1981 የተሰጡት ቁጥሮች ራሳቸው ናቸው።